እርግዝናዬን ለወኪሉ መንገር

ነፍሰ ጡር መሆኔን ከእኔና ከባሌ ሌላ የሚያውቁት አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ብቻ ነበሩ። እንዲህ እንዲሆን ያዘዙትም እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን እርግዝናዬን ለሰው ሁሉ አውርቼ ነበር፤ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለጎረቤት፣ ጎጃም ላሉት እህቶቼ። በሰባተኛው ወር በኦፕራሲዮን ተገላገልኩ፤ ልጁ በሕይወት አልወጣም። እኔ ከማደንዘዣው ስነቃ ቀብረው ተመልሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ልጅ በቤታችን አንድ ቃል አልተነገረም። ሐዘኑ እንዳይቀሰቀስብኝ ብለው ነው። ዝምታቸው ግን ከሐዘኑ ይልቅ ያንገበግበኝ ነበር።

ሁለተኛው ሲመጣ አማቴ ጠርተውኝ፣ «ሰው በዓይኑ አይቶ እስኪያውቅ እንዳትናገሪ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። እሺ አልኩ። ችግሩ ኢንሹራንሱ ነበር።

የማስተምርበት የግል ትምህርት ቤት ለሠራተኛው የሕክምና መድን አይገባም፤ ባሌም የራሱን አይሱዙ የሚነዳ ሰው ስለሆነ የሚገባለት የለም። ስለዚህ ገና ሳላረግዝ ከኪሳችን ገዛን፣ ወሊድን የሚጨምረውን። በመንግሥት ሆስፒታል መውለድ በነፃ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማንም በደለኝም አልልም። ግን ባዶ እጄን የወጣሁበትን ኮሪደር እንደገና መርገጥ አልቻልኩም። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን እንደማይቀርልኝ ተነግሮኛል፤ የግል ክሊኒኩን ዋጋ ደግሞ ያለ መድን አንችለውም።

የምንኖርባት የነቀምቴ የኢንሹራንስ ወኪል ቤታችን መጥቶ ውሉን ሲያስረዳን ልጣላው ምንም አልቀረኝ። መጀመሪያ የመጠበቂያ ጊዜ አለ፤ በተፈረመ ማግስት ያረገዘች አይሸፈንላትም። ይሁን፣ እንጠብቃለን። ቀጥሎ፣ ከዓመቱ የሕክምና ወጪ የመጀመሪያው ሃያ ሺህ ብር የእናንተ ድርሻ ነው፣ እኛ የምንከፍለው ከዚያ በላይ ያለውን ነው አለን።

«ታዲያ ምኑን ነው የምትሸፍኑት?» አልኩት። «ጉንፋን ሲይዘኝም ከኔ፣ ወባ ሲይዘኝም ከኔ?»

«ለጉንፋን አይደለም እኮ የምትገዙት። ኦፕራሲዮኑ መቶ ሺህ ቢገባ ሰማንያው የእኛ ነው። የእናንተ ድርሻ ከፍ ስላለ ነው ዓመታዊ ክፍያው ዝቅ ያለው። ሁለቱንም ዝቅ የሚያደርግ ካገኘሽ እኔንም ውሰጂኝ።»

አሳቀኝ። ሦስተኛውን ነገር ግን ያን ቀን ልብ አላልኩትም። እርግዝናው ሦስት ወር ሳይሞላው በአካል ቀርቤ ማሳወቅ ነበረብኝ። ካለፈኝ ለዚያ ወሊድ ሽፋን የለም።

ቀኑ እየቀረበ መጣ፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ወኪሉ የዕድራችን ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ወሬ ግን አያድርበትም፤ ለእሱ መንገር ለሰፈራችን ለበከኒሳ ቀሴ ሁሉ መንገር ነው። ሳልናገር ከቀረሁ ደግሞ ክሊኒኩም፣ የከፈልነውም ብር ገደል ገባ። በመጨረሻ ባሌ፣ «አኖ ከተማ ሌላ ወኪል አላቸው፤ እዚያ ማን ያውቅሻል?» አለኝ። እሱ ጭነት ይዞ ወደ ጊምቢ ስለሚሄድ ብቻዬን ተሳፈርኩ።

የአኖ መንገድ ግን በሲሬ ነው። አማቴ ደግሞ የሚኖሩት እዚያው ሲሬ ነው፤ መኪና መቆሚያው ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ይሸጣሉ።

ሲሬ ስንደርስ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ አንገቴን ደፋሁ። ሾፌሩ ግን ተሳፋሪ ካልሞላሁ ብሎ ቆመ። በልቤ እየረገምኩት ሳለ መስኮቱ ተንኳኳ።

«ኢንታላ ኮ? ወዴት ነው?»

መዋሸት ፈለግሁ፤ ምላሴ እምቢ አለ። «አኖ ነው፣ ሃርሜ» አልኳቸው። እናቴ እያልኩ በኦሮምኛ ነው የምጠራቸው። «ምን አለሽ አኖ?» ሲሉኝ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። መለስ ብለው ዕቃቸውን ለጎናቸው ነጋዴ አደራ ሰጡ፣ ተሳፈሩ፣ አጠገቤ ያለውን ሰው አስነስተው ተቀመጡ። እስከ አኖ ድረስ ሊያስቀሩኝ ይሁን ሊጣሉኝ አላወቅሁም፤ ብቻ በጣም ፈርቻቸው ነበር።

የአኖው ወኪል እርጋታ ያለው ሰው ነው። ስንት ወር እንደሆነኝ፣ የትኛው ክሊኒክ እንደምወልድ ጠየቀኝ። የራሳችንን ድርሻ ለክሊኒኩ ከከፈልን በኋላ ለቀረው እነሱ ዋስ እንደሚሆኑ ነገረኝ። አማቴ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«ከዚህ በፊት ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

ዓይኔን ወደ መሬት ስሰብር ብዕሩን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ የቀድሞ ኦፕራሲዮን ቢኖር ሽፋኑን አያስቀርብሽም። የሚያስቀረው ተደብቆ ኋላ ከሐኪም ካርድ ላይ ሲገኝ ነው። ያኔ ምንም ላደርግልሽ አልችልም።»

መናገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ቃሉ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተቆልፎበት ከየት ይውጣ? ያኔ አማቴ ከኋላዬ ተነሡ።

«ወልዳለች» አሉ። «በኦፕራሲዮን። አንድ ሴት ልጅ።»

ሴት ልጅ። ይኼን እንኳ እስከዚያ ቀን የነገረኝ አልነበረም። ዞሬ አየኋቸው።

«በሕይወት አለች?» አለ ወኪሉ።

«የለችም። አጥቤ የገነዝኳት እኔ ነኝ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ጻፍ። ምንም የደበቅነው የለም።»

ጻፈ። ፈረምኩ። ሽፋኑ ተመዝግቧል፣ አይዞሽ አለኝ። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ሲወርድ ሌላ ወረቀት አልለወጠልኝም፤ በእጅጌው ጠረገው።

በመልሱ መኪና ላይ እንደተቀመጥን፣ «ሃርሜ፣ ማንን ትመስል ነበር?» አልኳቸው። እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሱ። «ይኼን ነው የወሰደችው» አሉ። «ረጃጅም። ፀጉሯ ደግሞ እስከ ግንባሯ።» ሲሬ ደርሰን ረዳቱ ወራጅ አለ ወይ ብሎ ሲጣራ አልተነሡም። ስለ ልጄ እየነገሩኝ አብረን ነቀምቴ ገባን።