የዳኘው ጉልበት

የዳኘው እግር መደንዘዝ የጀመረው ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ይዞ በተቀመጠበት ዘመን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መጀመሪያ ጣቶቹን ወረረው፤ ቀጥሎ ባቱን ነዘረው፤ ኋላማ ጉልበቱ እየከዳው በዱላ መሄድ ያዘ። የጅጋ ገበያ ሰው ዓይን ምን ያመልጠዋል? «እግሩ ደነዘዘ» የተባለው ውሎ ሳያድር «ሥጋ ደዌ ነው» ሆነ።

ዳኘው ኩሩ ገበሬ ነው። ልጁ አቻምየለሽ ለክንፈሚካኤል ልጅ ለእንዳለው ታጭታለች። እንዳለው ከአርበኞች ጋር ጫካ ነው፤ ሠርጉ ግን ለጥር ተቆርጧል። ዳኘውም በሽማግሌዎቹ ፊት «አገር የሚያወራለት ድግስ እደግሳለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሯል። ጠላት ክምር እያቃጠለ፣ ሰው ዘር እየበላ ባለበት ዘመን! ምን አስለፈለፈው ቢሉ፣ ኩራት ነዋ።

ሥጋ ደዌ ከተባለ ግን ሠርግም የለ። አገሩ በዘር ይወርዳል ብሎ ያምናል፤ ልጅቱ ቆማ መቅረቷ ነው። ጠበል ተጠመቀ፤ አልለቀቀውም። በመጨረሻ ክንፈሚካኤል ራሱ በቅሎውን ስቦ መጣ።

«ቡሬ ሐዋ የምትባል መድኃኒት አዋቂ አለች። አብሬዎ ልሂድና የምትለውን በጆሮዬ ልስማ።»

ዳኘው አፈረ። እምቢ ቢል ማመን ይሆንበታል። አማቹ በቅሎው ላይ አስቀምጦት፣ እሱ በእግሩ እየተከተለ ቡሬ ገቡ።

ሐዋ የነጋዴ ሚስት ናት፤ አሮጊት፣ ነገር የማታለሳልስ። ዓይኑን እንዲጨፍን አዘዘችውና የእግሩን አውራ ጣት በአጋም እሾህ ወጋችው።

«ኧረ በሚካኤል!» ብሎ ዘለለ።

«ሥጋ ደዌስ እንዲህ አያስጮህም» አለች። «ይልቅ ምን ሲበሉ ከረሙ?»

«እንደ ሰዉ ነዋ! የጤፍ እንጀራ።»

«ጓያ አልበሉም?»

«እኔ? ጓያ?»

ጓያ ጉልበት እንደሚሰብር በዚያ አገር የማያውቅ የለም፤ አውቆ የሚበላውም የጨነቀው ብቻ ነው። ሐዋ እጇን ታጠበች። «እንግዲያው እኔ አላውቀውም። ምናልባት ከዘር ይሆናል» አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ክንፈሚካኤል ጋቢውን ሰብስቦ ሊነሣ ሲል ዳኘው ልጁ ታየችው።

«በልቻለሁ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ክረምቱን በሙሉ። ገብሱን ለታንጉትና ለልጄ ትቼ፣ እኔ የጓያ ቂጣና የጓያ ንፍሮ።» ሚስቱን ታንጉትን እንኳ ለሰው እንዳትናገር አስምሏት ነበር።

ክንፈሚካኤል አልሳቀበትም። ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመው። «ምን ያሳፍርዎታል? ጤፍዎን ጠላት አቃጥሎት ይሆናል። ወይም ለአርበኛው ሰጥተውት ነው። እንዲህ ያለ አማች የሰጠኝ አምላክ ይመስገን!»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ነገሩ አብቅቶ ነበር። ሙገሳው ግን ከእሾሁ ይልቅ ወጋው። ከበረቱ ሥር ያለው ጉድጓድ በጤፍ ሙሉ ነው፤ ለድግሱ። ሐምሌ ላይ አርበኞች ስንቅ ፍለጋ ሲመጡ፣ እንዳለውም አብሯቸው እያለ፣ «አንዲት ቁና የለኝም» ብሎ ምሎ በዝናብ መልሷቸዋል።

«አልተቃጠለም» አለ። «አልሰጠሁምም። ለሠርጉ ብዬ ቀብሬዋለሁ። ልጅዎን በባዶ እጁ የመለስኩት ጤፍ እያለኝ ነው።»

ክንፈሚካኤል እጁን ከትከሻው ላይ አነሣ።

«አብሬዎ የመጣሁት ዘርዎን ጠርጥሬ መስሎዎት ነበር» አለ። «እንዳለውም እግሩን ይነዝረዋል። ከእርስዎ ደጅ ከተመለሱ ወዲህ የከረሙት በጓያ ነው። በሽታው ምን እንደሆነ ልሰማ ብዬ ነው።»

ዳኘው ወደ ሐዋ ዞረ። «ይድናል?»

«የተሰበረው አይመለስም» አለች። «ዛሬውኑ ከተወው ግን አይብስበትም። ሌላ እህል ያግኝ።»

«በበቅሎዎ ይቅደሙኝ» አለ ዳኘው አማቹን ቀና ብሎ ሳያይ። «ታንጉትን ጉድጓዱን ክፈቺው ይበሏት። ሁሉንም ለአርበኞቹ ይውሰዱላቸው።»

«አቻምየለሽ ምን አጠፋች፤ ሠርጉ አይፈርስም» አለ ክንፈሚካኤል። ሌላ ቃል ሳይጨምር ወጣ።

ዳኘው በዱላው እየተደገፈ ብቻውን ተመለሰ። መንገድ ላይ ያገኙት ሁሉ «ምን አሉዎት?» እያሉ ጠየቁት። ሥጋ ደዌ አይደለም ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር ይችል ነበር፤ ምላሱ አልታዘዝ አለው። ሥጋ ደዌ በሆነልኝ፣ አለ በልቡ፤ እሱስ ከእግዜር ነው ይባል ነበር።