የጎረቤት ቁልፍ

«ፈርምና ውጣ እልሃለሁ! እዚህ ሞተህ እኔን ልታሳስር ነው?»

«ታስረሃል እኮ አቦ። ከዚህ ወዲያ የት ሊወስዱህ ነው?»

ከጥግ አንድ ሰው መሳቅ ጀመረና መሃል ላይ ተወው።

የሚጮኸው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበር፤ ኦሮሞ፣ ደንዳና፣ ሲናገር የአንገቱ ሥር የሚገተር። ግድግዳ ተደግፎ የሚመልስለት ደግሞ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሶማሌ፣ ክፍሉ ሁሉ ሐጂ የሚለው ሽማግሌ። ሱቆቻቸው ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለ አንድ መንገድ ላይ ግድግዳ ይጋራሉ። ድሬ ላይ አንቱ መባባል የለም፤ መለዋወጫ ነጋዴው በሃያ ዓመት የሚበልጠውን ሰው አንተ እያለ ነበር የሚቆጣው። እኔ በሁለቱ መካከል ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጫለሁ።

ሦስተኛ ቀናችን ነበር። ከሚኒባስ ብዙም በማይሰፋ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሆነናል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንጣጣል፣ ግድግዳው ጀርባ ያቃጥላል። ሐጂ በየሩብ ሰዓቱ በር ሥር ወዳለው ባልዲ ይሄዳል፤ ተመልሶ ውሃ ይጠጣል፤ እንደገና ይሄዳል። ስኳር አለበት። ሴት ልጁ ከምግቡ ጋር የምታመጣው ኢንሱሊን ሦስቱንም ቀን በር ላይ ተመልሷል። «መርፌ አይገባም» ነው መልሱ። የግራ እግሩ አውራ ጣት ላይ ያለው ቁስል ሽታ እኔ ጋ ይደርስ ነበር። እንዳልሸተተኝ ለማስመሰል ፊቴን ወደ እሱ አዞርኩ።

እዚያ ያደረሰን ቁልፍ ነው። ከተማው ውስጥ በተነሣው የመጀመሪያው ግጭት ሱቅ በባለቤቱ ብሔር እየተመረጠ ተቃጠለ። ነገሩ ሲበርድ ሁሉም ወደ መንገዱ ተመለሰ፤ ሰላም የሚባባል ግን ጠፋ። ገዢውም የወገኑን ሱቅ ፈልጎ መንገድ ይሻገር ጀመር። በዚያን ጊዜ እነዚህ ሁለት ሰዎች ቁልፍ ተለዋወጡ። ጠዋት የሐጂን ሱቅ የሚከፍተው መለዋወጫ ነጋዴው ነው፤ የእሱን ደግሞ ሐጂ። አንዱ ካልመጣ ሌላው ደጅ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ስለዚህ ቢኳረፉም መምጣት ግድ ነው። በወሩ መንገዱ በሙሉ እንደነሱ ሆነ። እኔ የዚያው መንገድ ልጅ ነኝ፤ ድርሻዬ ጽሕፈት ነበር። እጄ ያምራል ብለው በካርቶን ላይ «ይህን ሱቅ የሚከፍተው ጎረቤቱ ነው» አስጻፉኝና በየበሩ ለጠፉት።

ከዚያ እንደገና ጭስ ታየ። ሐጂ ሳቢያን ሰፈር ቤቱ ነበር፣ መንገድ ተዘግቶበታል። መለዋወጫ ነጋዴው ሁለቱም ሱቆች እንደተቆለፉ በሩ ላይ ቢቆም ኖሮ ምንም አይደርስበትም ነበር። እሱ ግን የራሱን ሱቅ ትቶ የጎረቤቱን ከፈተ፤ ጣቃውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ወደ ቤቱ ሊያሸሽ። ድልድዩ ላይ ፖሊሶች ያዙት። ኦሮሞ፣ የሶማሌ ጨርቅ፣ ያልተሰበረ ቁልፍ። ሐጂ ይህን ሰምቶ በገዛ እግሩ ሊመሰክር መጣ፤ እሱንም አስቀሩት። የእኔን ካርቶን ለዘራፊ የተቀመጠ ምልክት ነው ብለው እኔንም ያዙኝ።

መርማሪው ለሐጂ አንድ መውጫ ሰጠው። ቁልፉ ያለፈቃዴ ተወሰደ ብሎ ከፈረመ የግል ተበዳይ ይሆናል፤ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል። ጎረቤቱ በዝርፊያ ይከሰሳል።

«እኔ ስድስት ዓመት ብታሰር እወጣለሁ» አለ መለዋወጫ ነጋዴው። «አንተ ስድስት ቀን የለህም። እግርህን እየው!»

«አየሁት።»

«ታዲያ?»

«እኔ ሌባ ነህ ብዬ ከፈረምኩ፣ ነገ ጠዋት ያንን መንገድ ማን ይከፍተዋል? ማን ለማን ነው ቁልፍ የሚሰጠው?»

በሩ ተከፈተ። ተረኛው ፖሊስ ወጣት ነው፤ ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ፣ ሽማግሌ አንቱ የሚል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዟል።

«አባት፣ ያንብቡና ይፈርሙ ተብሏል። ከዚያ ይሄዳሉ።»

ሐጂ አማርኛ እንደማንም ይናገራል፤ ማንበብ ግን አይችልም። ወረቀቱን ለእኔ አቀበለኝ። «ወሪያ፣ አንተ ልጅ፣ አንብብልኝ።»

መለዋወጫ ነጋዴው ጆሮዬ ሥር ገባ። በኦሮምኛ፣ በትንፋሽ ነበር፤ «ሌላ አድርገህ አንብብ። ዋስትና ነው በለው። ይውጣልኝ።»

የሐጂን እግር አየሁ። «ከፖሊስ በተጠራሁ ጊዜ ልቀርብ ዋስትና...» ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። አሁንም የሚገርመኝ እሱ ነው።

ሐጂ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። «እናንተ ልጆች፣ ኦሮምኛ የማልሰማ መሰላችሁ? ከዚህ ሰውዬ ጋር ሠላሳ ዓመት የተጨቃጨቅኩት በምን ይመስላችኋል? በል፣ የተጻፈውን አንብብ።»

አነበብኩ። «...ቁልፉን ያለእኔ ፈቃድና እውቅና በመውሰድ...» ስጨርስ ሐጂ እስክሪብቶውን ከፖሊሱ ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ።

«ከሥሩ ጻፍ። በዚያ ባሳሰረህ ጽሕፈትህ። ቁልፉን በእጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አልተዘረፍኩም።»

«አትጻፍ!» አለ መለዋወጫ ነጋዴው። «ወላሂ ብትጻፍ ከእኔ ጋር አለቀ!»

አልጽፍም ማለት እችል ነበር። እስክሪብቶውን ወለሉ ላይ ብጥለው፣ ሐጂ ሌላ የሚጽፍለት ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አያገኝም። ጻፍኩ። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ወጡ።

ዛሬ መንገዱ በጎረቤት እጅ ይከፈታል፤ ካርቶኑ ግን የለም። ከሳምንታት በኋላ ሦስታችንንም በየተራ፣ ምክንያቱን ሳይነግሩን ለቀቁን። ሐጂ የግራ እግሩን ሁለት ጣቶች ሆስፒታል ጥሎ ተመለሰ። መለዋወጫ ነጋዴው በየማለዳው የእሱን ሱቅ ከፍቶ፣ ወንበር ደጅ አውጥቶ፣ ክንዱን ይዞ ያስቀምጠዋል። እኔ ሰላም ስለው ፊቱን ያዞራል። አልፈርድበትም። አንዳንድ ቀን በሌላ መንገድ ዞሬ እሄዳለሁ።

ያን ቀን ሐጂ ከጻፍኩት ሥር በዐረብኛ ፊደል ፈረመ። ፖሊሱ ቆሞ አነበበው። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እንደገና።

«አባት፣ ይሄ እኮ አያስወጣዎትም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ለመርማሪው ራሴ እሰጠዋለሁ። ውሰደኝ።»

ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። ሽርጡን ፈትቶ እንደገና አጥብቆ አሰረ። ያበጠው እግሩ ጫማው ውስጥ አልገባ ሲለው ጫማውን በእጁ ያዘ። ሰው እንዳይረግጥ ዝቅ ብሎ እያየ፣ በእያንዳንዱ እግር ላይ «ይቅርታ» እያለ ተራመደ። መለዋወጫ ነጋዴው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። ሐጂ አጠገቡ ሲደርስ አናቱን በመዳፉ ነካ አድርጎት አለፈ።

ፖሊሱ አስቀደመው፣ ተከትሎት ወጣ፣ በሩን ዘጋው።