ቀይ ክር የታሰረባት ዶሮ

ነጭ ዶሮ አልወድም። ገበያ ላይ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ፤ ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። ብዙ ሆነው ቀና ብለው ሲያዩኝማ ጀርባዬን አልሰጣቸውም።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። አግብቼ አሰላ በገባሁ ጊዜ በአማቴ ግቢ የነበሩት የሐበሻ ዶሮዎች ነበሩ። አንዷ ገብስማ፣ አንዷ ወሰራ፣ አንዷ ዛጎልማ፣ አንዷ አንገተ መላጣ። መልካቸው ስማቸው ነበር። አማቴ ጓዳ ተቀምጠው ጩኸት ሲሰሙ «ወሰራዋ እንቁላል ጣለች» ይላሉ፤ አይሳሳቱም። ጎረቤት ዶሮ ከጠፋበት መልኳን መናገር ብቻ ነው፤ የት እንደታየች ሰፈሩ ይነግረዋል። ከዚያ አንድ ክረምት ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገባና ግቢውን ጠርጎት ሄደ።

ባለቤቴ በእርሻ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የሚያከፋፍሉትን የፈረንጅ ዶሮ በቅርጫት ይዞ መጣ። በአንድ ቀን የተፈለፈሉ፣ በአንድ ቤት ያደጉ፣ ከአናታቸው ቅላት በቀር ነጭ ብቻ የሆኑ። አማቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ብዙ አዩዋቸው።

«ምነው ልጄ፣ አንዲት ዶሮ ገዝተህ በመስታወት አብዝተህ አመጣህብኝ?» አሉት።

እንቁላላቸው ግን ትልልቅ ነበር። እኔም ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ ብዬ እኮራ ስለነበር የአማቴን ቅሬታ በኋላ ቀርነት ቆጠርኩት። «እማማ፣ ዶሮ ያው ዶሮ ነው» እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ «ስም የሌለው ነገር ግቢ ውስጥ ሲዞር ደስ አይልም» ይሉኛል። ጠዋት ጠዋት ከጭላሎ ጉም ወርዶ ግቢውን ሲሞላው ዶሮዎቹ አይታዩም። ቀያይ አናታቸው ብቻ ከመሬት ከፍ ብሎ ወዲያና ወዲህ ይላል። ያኔ እኔም ደስ አይለኝም ነበር፤ ግን አልናገርም።

የመጀመሪያ ልጄ ገና አፏን መፍታቷ ነበር ስትታመም። ሰውነቷ እንደ እሳት ጋለ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ። ሐኪም ዘንድ ወስደናት መርፌ ተወግታ ተመለሰች፤ ለውጥ የለም። በማግስቱ ውሃ እንኳ መዋጥ ሲያቅታት አማቴ ብድግ ብለው ወጡና አንዲት ነጭ ዶሮ በእግሯ አንጠልጥለው ገቡ።

«ለጭዳ ቀይ ወይም ገብስማ ነበር የሚሆነው፤ ምን ላድርግ፣ ያለው ይሄው ነው» አሉ። ዶሮዋን በልጅቷ ራስ ላይ ደጋግመው አዞሩ። «ክፉውን ይዘሽ ውጪ! ክፉውን ይዘሽ ውጪ!» ይላሉ። ዶሮዋ አልጮኸችም፣ ክንፏን አላራገበችም። ስትዞር አንዱ ዓይኗ ልጄን እያየ ይዞር ነበር።

ጭዳ ታርዶ ይጣላል እንጂ በሕይወቱ አይለቀቅም። ግን ማን ይረድ? ሴት ልጅ ዶሮ አታርድም፤ ባለቤቴ ደግሞ ለሥራ ጎበሳ ሄዷል። የቅርብ ጎረቤቶቻችን እስላሞች ናቸው፤ ለእንዲህ ያለው የኛ ጉዳይ እነሱን መጥራት ነውር ነው። ስለዚህ አማቴ ዶሮዋን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ካለው መንታ መንገድ ወሰዷትና ጉሙ ውስጥ ለቀቋት። ወደ ኋላ ሳይዞሩ መጡ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ላብ አላባት። ዓይኗን ገለጠች፤ «ውሃ» አለች። ከደስታዬ ብዛት የአማቴን ጉልበት ሳምኩ።

ሲመሽ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሲወጡ አማቴ በሩ ላይ ቆመው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። አንዲትም አልጎደለችም።

«መጥታለች» አሉኝ።

«ማን?»

«ማን ልበልሽ? ስም የላት።»

ዶሮ ሲመሽ ቤቷን ፈልጋ ትገባለች፤ ይህን የማያውቅ የለም። እኛ ግን በጭንቀታችን ረስተነው ነበር። አማቴ መደብ ላይ ቁጭ አሉና ነገሩን አስረዱኝ። ጭዳ ተመልሶ ከገባ ይዞ የወጣውን ይዞ ነው የሚገባው። ዶሮዋ በሰላም እስከኖረች ድረስ ክፉው እሷ ላይ ተቀምጦ ይቆያል። በቢላም ሆነ በበሽታ ከሞተች ግን የቀድሞ ቤቱን ይፈልጋል። የቀድሞ ቤቱ ደግሞ ልጄ ናት። ስድስተኛ ክፍሌ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ከላዬ ወረደ። ፈራሁ።

ዶሮዋን መጠበቅ ነበረብን። የትኛዋን?

በማግስቱ ከእኛ እንቁላል የምትወስደው ጎረቤታችን፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነች ደግ ባልቴት፣ ወሬውን ሰምታ መጣች። ከበር አላለፈችም። አንገቷን ብቻ አስግጋ አየቻቸው።

«ያ ረቢ! ይቺ ሉኩ ናት፣ ዶሮ ናት ወይስ ጂኒ?» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ እንቁላል ትቻለሁ፤ ሆዴን አልተስማማኝም» ብላኝ ሄደች። ሆዷን ግን ምንም አላላትም።

እኔ በርጩማዬን ይዤ ግቢ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ልለያቸው። አንዷ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ወደ ግራ ያዘነብላል። አንዷ ጥፍሯ ጠማማ ነው። አንዷ ዓይኗ ከሌሎቹ ይፈዛል፤ እሷ መሰለችኝ። ሽሮዬን አማስዬ ስመለስ ዓይነ ፈዛዛዋ የለችም፤ ወይም ሁሉም ዓይናቸው ፈዟል። ጠዋት ያወቅኋትን ከሰዓት አጣታለሁ። ጥሬ ስበትንላቸው ሌሎቹ አጎንብሰው ሲለቅሙ አንዲቱ ቆማ በጎን ታየኛለች። ይቺ ናት ብዬ ስጠጋት ታጎነብስና ሌላዋ ቀና ትላለች።

ልጄ በእግሯ መቆም ስትችል ቀይ ሹራቧን አልብሼ ፀሐይ ላይ አወጣኋት። ዶሮዎቹ መካከል ቀስ ብላ ገባች። ሁለት ሦስቱን አልፋ አንዲቱ ዘንድ ደረሰችና እጇን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች። ከዚያ በዚያ በኮልታፋ አፏ፣ በራሷ ስም፣ እኛ ልጅቷን በምንጠራበት ስም፣ ዶሮዋን ጠራቻት።

ዶሮዋ አልሸሸችም።

ሕፃን ናት፣ ቃል አጥታ ነው ብዬ ዶሮዎቹን በቤቱ ዙሪያ አባረርኳቸው፤ ተደበላለቁ። ልጄ ግን እንደገና መሃላቸው ገብታ አንዲቱን ያዘች፤ በዚያው ስም ጠራች። በማግስቱም እንዲሁ። ያቺው መሆኗን እኔ በምን ልወቅ? እሷ ግን አንዴም አላመነታችም። አማቴ አማተቡ። «እሷ ታውቃለች፤ እኛ ምን እናውቃለን» አሉ።

ከሹራቡ የተረፈ ቀይ ክር ነበረኝ። ልጄ የያዘቻትን ዶሮ እግር ላይ አሰርኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሯችንን ላየው ያስቃል። ሌሎቹ ለበዓል ይታረዳሉ፣ በምትካቸው ከዚያው ነጭ ዘር ይመጣል። ባለክሯን ግን ጭልፊት እንዳይወስዳት በጭራሮ እንከልላታለን፣ ሸለምጥማጥ እንዳይደርስባት ጓዳ እናሳድራታለን። ባለቤቴ «ጡረተኛዋ እንደምን አደረች?» እያለ ያሾፋል። አማቴ ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ ጠዋት ጠዋት ዶሮዋን አምጡልኝ ይሉና ክሩን በጣታቸው ዳብሰው «አለሽ? ተመስገን» ይላሉ። ልጄም ሁልጊዜ በራሷ ስም ትጠራታለች፤ ያም ልማድ ሆነ። እኔ ክሩን ካሰርኩ ወዲያ ዶሮዋን ማየት ተውኩ። በር ስከፍት ዓይኔ የሚፈልገው ክሩን ብቻ ነው፤ ክሩ ብቅ ሲል ነፍሴ መለስ ትላለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የኔ ክር ሆነ እንጂ።

ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ክረምት፣ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ሲያዳምጥ በሚውልበት ጊዜ፣ አንድ ማለዳ ጓዳ ስገባ ዶሮዋ በጎኗ ተጋድማ አገኘኋት። ደርቃለች። ክሩ እግሯ ላይ ነው።

እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሮጬ ልጄ አልጋ ዘንድ ሄድኩና መዳፌን አፏ ላይ አደረግሁ። ትንፋሿ ይሞቃል። ግንባሯን ነካሁ፤ ደህና ናት። ቀጥሎ ያሰብኩት አማቴን ነው። ልባቸው ደካማ ነው፤ ይህን ከሰሙ ልጄን ሳይሆን እሳቸውን እቀብራለሁ። ክሩን ፈትቼ ሌላ ነጭ ዶሮ እግር ላይ አሰርኩ። የሞተችውን ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሥር ቀበርኳት። እጄን ታጥቤ አዲሷን አቅፌ ለአማቴ አቀረብኩላቸው። ክሩን ዳበሱ። ጣታቸው ክሩ ላይ ትንሽ ቆየ።

«አለሽ? ተመስገን» አሉ።

ልጄ ነቅታ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ዶሮዋን አየቻት። እንደ ቀልድ፣ ሳትፈራ፣

«ይቺም አይደለችም» አለችኝ።

አፏን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ፤ ዘገየሁ። «ይቺም» ማለቷ ደግሞ አልገባኝም። አማቴ በጭላንጭል ዓይናቸው ወደ ልጅቷ ዞሩ፤ ከዚያ ወደኔ።

«ዛሬ ሞተች ማለት ነው?» አሉኝ። መዋሸት አቃተኝ።

«አዎ እማማ። እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ነው።»

«ተይው ልጄ። የመጀመሪያዋማ አምና ነው የሞተች፤ አንቺ ገበያ ሳለሽ። እኔም እንዳትደነግጪ ብዬ ክሩን ለሌላ አሰርኩት። ዓመት ሙሉ የልጅቷን ትንፋሽ ሳዳምጥ ነው የማድረው።» አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ያን ቀንም ‹ይቺ አይደለችም› ብላኛለች።»

«ምን አሏት?»

«ለእናትሽ አትንገሪ፣ ይቺን በስምሽ ጥሪያት አልኳት።»

ዓመቱን ሙሉ ጠዋት በሩን ስከፍት ልጄ ዶሮዋን ስትጠራ የሰማሁት ሁሉ ታወሰኝ። ዞር ብዬ አየኋት። ዶሮዋን ከአማቴ እቅፍ ተቀብላ መሬት ላይ አስቀምጣታለች። ተንበርክካ የላላውን ክር አጠበቀችው። ከዚያ አንድ ጊዜ አማቴን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየችና፣ ጮክ ብላ፣ ሁለታችንም እንድንሰማት፣ ዶሮዋን በራሷ ስም ጠራቻት።