ቀዳዳ የሌለው ቆዳ

ስዳር አባቴ የሰጠኝን በቅሎ ባለቤቴ የሸጣት ማኪና ሊገዛ ነው። ያውም ለአደን። ሰው ቤቱን ቆርቆሮ ለማልበስ በቅሎ ቢሸጥ አንድ ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብዕር ቀለም ውስጥ ሲነክር የሚውል የጠቅላይ ግዛት ጸሐፊ የአደን ማኪና ልግዛ ሲል ግን የጎንደር ሰው ምን እንደሚል ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። በቅሎዋ ተስባ ከግቢያችን ስትወጣ ጎረቤቶቼ በየአጥሩ ላይ ብቅ ብቅ አሉ። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ጓዳ ገባሁ።

ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው ብዬ አልፈርድም። አባቴ ወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ ብሎ የሚኖር ግራዝማች ነበር። በጉልምስናው የታወቀ አዳኝ ስለነበረ የቤቱ ግድግዳ በአውሬ ቆዳ የተሸፈነ ነው። እያንዳንዱ ቆዳ ላይ ጥይት የገባበት ቀዳዳ አለ። እንግዳ ሲመጣ አባቴ መጀመሪያ የሚወስደው ወደዚያ ግድግዳ ነው። እንግዳው ጣቱን በቀዳዳው ይከትና «ሸጋ ተኩስ ነው ግራዝማች» ይላል። ለእጁ ውሃ የሚቀርብለት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በልጅነቴ ይህ በሰው ቤት ሁሉ ያለ ወግ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ አዲስ ሙሽራ ሆኖ ለመልስ የሄደ ዕለት ጣቱን በየቀዳዳው እየከተተ ሲያደንቅ አባቴ፣ «አንተስ የገደልኸው ምንድን ነው?» አለው።

«እኔ ገና ነኝ» አለ ባለቤቴ።

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አባቴ መልእክት በላከብኝ ቁጥር «ያ ገና ነኝ ባይ ባልሽ ደኅና ነው?» ማለት አመሉ ሆነ። መልእክተኛው ይህን በሰው ፊት ሲያደርስ ባለቤቴ ይስቃል፤ እኔ ግን ፊቴ እሳት ይሆናል። በሳቁም እበሽቅ ነበር፤ ሲሰድቡት የሚስቅ ወንድ ምን ዓይነት ወንድ ነው እል ነበር።

ለካስ ነገሩ እሱንም ውስጥ ውስጡን ይበላው ኖሯል። አንድ ቀን ተነሥቶ የጎደለው ማኪና ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። አውሬው ከደጋው ርቆ ቆላ ወርዷል፤ በእግር ለመሄድ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ያን ያህል ፈቃድ አያገኝም። ማኪና ያለው ሰው ግን ቅዳሜ ወጥቶ እሑድ ይመለሳል። በቅሎዋ የተሸጠችው በዚህ ስሌት ነው።

አዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖሩ ሐጂ የምንላቸው ነጋዴ ወዳጁ ነበሩ፤ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት የሚሸጡ ማኪናዎች ቆመዋል። አንዱ ሸራ የለበሰ አጭር ጂፕ፣ ሌላው ረጅም፣ ቤቱ የተዘጋ ማኪና። ባለቤቴ ከቢሮ እንደወጣ በቀጥታ እዚያ ነው። ያለችውን አንድ ሙሉ ልብስ እንደለበሰ ከማኪናው ሥር ተንጋሎ ይገባል። ከመሬት እስከ ሆዱ ያለውን በክንዱ ይለካል፤ የባሌስትራውን ብረት አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ጎማውን በጥፍሩ ይጫናል። ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ ያስተምረኛል። የአደን ማኪና ድንጋይ እንዳይቧጥጠው ሆዱ ከመሬት መራቅ አለበት፤ በዛፍ መሐል እንዲታጠፍ አጭር መሆን አለበት፤ ከሁሉም በላይ ሪዶታ ያስፈልገዋል፤ ሪዶታ ማለት አራቱም ጎማ አንድ ላይ እየገፋ ዳገቱን ቀስ ብሎ የሚያስወጣው ማርሽ ነው። ረጅሙ ብዙ ዕቃ ይይዛል፤ ነገር ግን ጉብታ ላይ ሆዱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እውነቱን ለመናገር በምርጫው አልተሳሳተም። አጭሩን ያዘ።

ሐጂ ቀና ሰው ስለሆኑ አልደበቁትም። «ፍሬኑ ትንሽ ይዘገያል፤ ሳታሠራው እንዳትወጣ» አሉት።

«ሐጂ፣ እኔ የምፈልገው መሄዱን ነው፤ መቆሙን ቀስ ብለን እናስተምረዋለን» አለ ባለቤቴ።

አባቴ የዚያን ዓመት ጥምቀትን ከእኛ ጋር ሊያከብር መጣ። ከጥምቀተ ባሕሩ ከቀሐ ስንመለስ ጂፑን በዱላው እየነካካ ዞረው። የበቅሎዋን ነገር አንድም ጊዜ አላነሣም፤ ባያነሣውም እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልሁም።

«በቅሎ አውሬ ሲሸታት ጆሮዋን ታቆማለች፤ እግሯን ትተክላለች» አለ። «ይህስ ሲሸተው ምን ያደርጋል?»

«ግራዝማች፣ ማኪና ምን አፍንጫ አለው ብለው ነው» አለ ባለቤቴ።

«ምነው ታዲያ አፍንጫ የሌለውን ነገር ለአደን ገዛኸው?»

ቤተ ሰቡ ሳቀ። ባለቤቴም አብሮ ሳቀ። አባቴ ግን ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ የዚህን ማኪና ጉድ ሳላይማ አልሄድም ብሎ ሰነበተ።

ጥምቀት ባለፈ ሳምንት ባለቤቴና ሐጂ በጭልጋ በኩል ወደ ቆላ ወረዱ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ገና ጂፑ ሳይታይ እልልታ ሰማን። ከአዘዞ ጀምሮ መንገዱ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ተከትሎታል። ጂፑ አፍንጫ ላይ የአጋዘን ቀንድ ታስሯል፤ ከኋላ ጎረምሳ አጋዘን ተጋድሟል። ሐጂ ቤታቸው ሲደርሱ ወርደው ኖሮ ባለቤቴ ብቻውን ነበር የመጣው። ፊቱ አመድ መስሏል። ድካም ነው አልሁ።

አባቴ ከመደብ ተነሥቶ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። «ልጄ» አለው። በዚያ ስም ጠርቶት አያውቅም ነበር። በእሱ ዘመን አጋዘን ለገደለ ሰው ቅቤ የሚቀባ አልነበረም፤ ክብሩ ለዝሆንና ለአንበሳ ነበር። አውሬው እየራቀ ሲሄድ ግን አጋዘንም ወግ ደረሰው። አባቴ ለጋ ቅቤ በእንስራ ክዳን ሙሉ አስመጣና የነፍስ አባታችንን፣ ጎረቤቱን ሁሉ አስጠራ። እኔ ደስታ ሊገድለኝ ነበር። በቅሎዬ ተከፈለች ብዬ አሰብሁ።

የሰፈር ጎረምሶች በጓሮ ቆዳውን ገፈው ለእኔ ሰጡኝ። እነሱ ዓይናቸው ሥጋው ላይ ነበር፤ እኔ ግን ቀዳዳውን ነበር የፈለግሁት። ከሰው ሁሉ በፊት የባሌን ጥይት ቀዳዳ በጣቴ ላገኘው ፈለግሁ። ቆዳውን ዘርግቼ በጠጉሩ በኩል አየሁ፤ ገልብጬ በውስጡ በኩል አየሁ። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ ያዝሁት። ቀዳዳ የለም። ወደ ተገፈፈው ሥጋ ዞርሁ፤ ታፋው ጠቁሯል፤ አጥንቱ ደቅቋል። ወደ ጂፑ ሄድሁ። የፊት መከላከያ ብረቱ፣ ፓራውልቱ፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ ጠጉር ይዟል።

ቆዳውን እንደያዝሁ ተመልሼ በሩ ላይ ቆምሁ። ውስጥ አባቴ ባለቤቴን ከጎኑ አስቀምጦ ይጠይቀዋል።

«ምኑ ላይ መታኸው?»

«ያ ዳገት፣ ግራዝማች፣ በእግር የሚወጣ አይደለም። ጂፑ ግን በሪዶታ . . .»

«መተኮሱንስ ተንበርክከህ ነው?»

«መሬቱ አሸዋ ነው፤ ደግነቱ ጎማው . . .»

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። አባቴ ግን ከደስታው ብዛት መልሱን አልሰማውም። ባለቤቴ ቀና ሲል እኔን አየ፤ እጄ ላይ ያለውን ቆዳ አየ። እንዳወቅሁ አወቀ። ዝም በል ብዬ በዓይኔ ለመንሁት። ውሸት ነው፤ ይሁን፤ የእኔና የእሱ ሆኖ ጓዳ ይቅር አልሁ።

ሥጋው ቀርቦ መምሬ ሊባርኩ ተነሡ። መስቀላቸውን እንዳወጡ እንደ ልማዳቸው፣ «ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋ ደርሶለታል፣ አይደል ልጄ?» አሉት። ሁልጊዜ የሚጠየቅ ነው። ቢላዋ ሳይደርስለት የሞተ ከብትም ሆነ አውሬ በክት ነው፤ ክርስቲያን አይበላውም።

አዎ ቢል አለቀ። አባቴ ቅቤውን ይዞ ተነሥቷል።

«አልደረሰለትም መምሬ» አለ ባለቤቴ። «አንገቱን የቆረጥሁት ከሞተ በኋላ ነው። የገደለው ማኪናው ነው። ከጫካው ዘሎ መንገድ ላይ ወደቀብን፤ ፍሬኑ አልያዘልኝም። ሐጂም ‹ለእናንተም ለእኛም አልሆነ› ብለው ነበር።»

 መምሬ መስቀላቸውን መልሰው ደረታቸው ውስጥ ከተቱ።

«ታዲያ ምነው ጭነህ አመጣኸው?» አለ አባቴ።

«ቀንዱን ላሳያችሁ ብዬ ነው። የሆነውን መንገሬ አይቀርም ነበር። አዘዞ ላይ እልል ሲሉ አንደበቴ ተያዘ።»

አባቴ ቅቤውን እንደያዘ ወጣ። ሁላችንም ተከትለን ወጣን። ጂፑ ኮፈን ላይ ቅቤውን ገልብጦ በመዳፉ ለቀለቀውና፣ ዱላውን እየነቀነቀ ፎከረለት።

«ገዳይ በፓራውልቱ፣ ገዳይ ያለ ጥይቱ!»

ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሞተሩ ገና አልበረደም ነበርና ቅቤው ቀልጦ በመብራቱ ላይ ይወርዳል። «ገዳይ!» ባለ ቁጥር ሰዉ ያጨበጭባል። ባለቤቴን ፈለግሁት፤ በሩ ላይ ቆሞ እሱም ያጨበጭባል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድሁ። በእሱም አፈርሁ፣ ዝም በል ብዬ የለመንሁበት ዓይኔም አሳፈረኝ።

ሥጋው ተወስዶ ለጅብ ተጣለ። በማግስቱ አባቴ ወደ አገሩ ሲነሣ በአውቶቡስ አልሄድም አለ። «ገዳዩ ያድርሰኝ» አለ እየሳቀ። ቆዳውንም ለመኝታ ይሆነኛል ብሎ እርጥቡን አስጫነ። ቀንዱ እንደታሰረ ነበር። የተረፈው ቅቤ ኮፈኑ ላይ አቧራ ይዞ ደርቋል። አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከቆዳው ጋር ተቀምጠን ባለቤቴ ነዳ።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ገበያ ነበር። ሰዉ ቀንዱን አየ፤ ቅቤውን አየ፤ ከፊት የተቀመጠውን ግራዝማች አየ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ የድሮ የአደን ጓደኛው ሕዝቡን እየጣሰ መጥቶ በመስኮቱ በኩል እጁን ጨበጠው።

«አያ ግራዝማች፣ ዛሬም አልተውህም? እንዴት ያለ ሸጋ አጋዘን ነው የጣልኸው። በስንት ጥይት?»

አባቴ መንገዱን ትኩር ብሎ አየ። ጓደኛው መልስ እየጠበቀ ነው፤ እልልታው አልቆመም። ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ ወደ ሌላ አላየም።

«አንዲት ናት» አለ አባቴ፤ ከዚያም ለሕዝቡ እጁን አነሣ።

በባለቤቴ ማፈር ለምጄው ነበር። በአባቴ ማፈር ግን እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አላውቀውም ነበር፤ እርጥቡ ቆዳ አጠገብ አንገቴን ደፋሁ። ባለቤቴ ማርሹን ለውጦ ገበያውን ቀስ ብሎ አለፈ፤ ሰዉ ሁሉ አባቴን ደኅና አድርጎ እንዲያየው ያህል። 

ለፋሲካ ስንሄድ የአባቴ ቤት በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። ያ የገበያው ጓደኛውም አለ። አባቴ ጂፑን ከቤቱ ኋላ አቁሙት አለን። ቆዳው መኝታ ላይ የለም፤ ግድግዳው ላይ ከሌሎቹ ጋር ተወጥሯል። ልክ ከትከሻው ሥር፣ ልብ ያለበት ቦታ፣ ክብ ቀዳዳ አለው። ዳርቻው እንደተጠበሰ ከሩቅ ለየሁት፤ በጋለ ብረት የተበሳ ነበር።

እንግዶቹ በየተራ ጣታቸውን እየከተቱ አደነቁ። ተራው ባለቤቴ ጋ ደረሰ። አባቴ ዋንጫው ውስጥ የቀረውን ጠላ ያየው ጀመር። እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆሜያለሁ። አንዲት ቃል ብትወጣው በልጅነቴ ያደግሁበት ቤት እላዬ ላይ ይፈርሳል።

ባለቤቴ ጣቱን በቀዳዳው ከተተ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ።

«ሸጋ ተኩስ ነው ግራዝማች» አለ።

ጣቱን ሲያወጣ ጥላሸት ይዟል። ማንም ሳያየው ጋቢው ውስጥ አስገብቶ ጠረገው። ውሃ ላስታጥበው ቀረብሁ፤ እጁ ላይ ሳፈስ እሱ ዝቅ ብሎ ውሃውን ነው የሚያየው፤ እኔም ቀና ብዬ ላየው አልቻልሁም።