ክብሪት የማይጫርበት ሱቅ

ሐመልማል ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ባለው የጋሽ ማስረሻ ስፖንጅ ሱቅ ትሠራለች። ፍራሽ ለክታ ትቆርጣለች፣ ጠቅልላ ታስራለች፣ ተከራክራ ትሸጣለች። የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን ሳታጓድል እየዋጠችም አልፎ አልፎ ይጥላታል። በሽታው ወዲያው ይለቃታል፤ ሰው ግን ወር ሙሉ አይለቃትም። «ጠበል ግቢ»፣ «ቤትሽ እረፊ» ይላታል። ቤቷ አርፋ ምን እንደምትበላ የሚነግራት ግን አንድም የለ! ቀድሞ ከሠራችባቸው ሱቆች ያስወጣትም ይኸው ርኅራኄ ነው።

አሁን ደግሞ ተራው የጋሽ ማስረሻ ሆነ።

ባለፈው ስትወድቅ ተሸካሚው ይገረም እንደ ልማዱ ሮጦ ክብሪት ጫረና አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ይጫራል፤ ማን እንዳዘዘው የሚጠይቅ የለም። የጣለው እንጨት ስፖንጅ ላይ አርፎ ጨስ አለ። በጫማ ረጋግጠው አጠፉት።

በማግሥቱ ጋሽ ማስረሻ ፊቷን ሳያዩ፣ «ልጄ፣ ሱቁን ታስነድጂብኛለሽ። እስከ ቅዳሜ ሥሪና ከዚያ ቤትሽ እረፊ» አሏት።

«ጋሼ፣ ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ?»

«አንቺ ባትወድቂ ማን ይጭረዋል?»

«እሺ፣ የሚጭር ባይኖርስ?»

ጀርባቸውን ሰጥተዋት ስፖንጅ መቁጠር ጀመሩ። አለመከልከላቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥራ የጎረቤት ሱቆችን ዞረች። «ስወድቅ በጎኔ አስተኙኝ፤ ከራሴ ሥር ቁራጭ ስፖንጅ አድርጉልኝ፣ ሞልቷል። ክብሪት የሚጭርብኝን ግን ስነቃ ጢሙን ነው የማነደው!»

«እኔ ለነፍስሽ ብዬ እኮ ነው» አለ ይገረም።

«ነፍሴ ሲጋራ አይደለችም!»

ዓርብ ረፋድ ላይ ለአንድ ገዢ ፍራሽ ስትጠቀልል ወደቀች። የይገረም እጅ ኪሱ ገባ። መጋረጃ ሻጯ ሀፍሷ ከጎረቤት ዘላ ክንዱን ያዘችው። «ተው ብላሃለች፣ አትሰማም?» በጎኗ አስተኝተዋት ጠበቁ።

ስትነቃ መጀመሪያ አሸተተች። የክብሪት ሽታ የለም፤ የሀፍሷ ሽቶ ብቻ። ፍራሹን የገዛው ሰውዬ ዓይኑን አፍጥጦ ቆሟል።

«በቃ፣ ወደ ቤትሽ...» ብለው ጀመሩ ጋሽ ማስረሻ።

«ትንሽ ይጠብቁኝ፣ አስርልዎታለሁ» አለችው ሰውዬውን፣ እንደተጋደመች።

ውሃ ጠጣች። ቆየት ብላ ተነሣች፤ ፍራሹን በጉልበቷ ተጭና የገመዱን ጫፍ ለአሠሪዋ ዘረጋች። «ጋሼ፣ ይቺን ይያዙልኝ።»

ገዢውን አዩ፤ ገመዱን አዩ፤ ያዙላት። አጥብቃ ቋጠረችው።

«ሰኞ ዕቃ ይገባል፣ ማልደሽ ነይ» አሉ እያጉረመረሙ። «አንተ ይገረም! ያንን ክብሪት ወዲህ አምጣ!»