የእትዬ በላይነሽ ቁልቋሎች

ባለፈው ሳምንት ዘነበወርቅ ታክሲ ስጠብቅ፣ ፌርማታው አጠገብ ችግኝ የምትሸጥ አንዲት ሴት ድንክዬ ቁልቋሎች በፕላስቲክ ኩባያ ደርድራ አየሁና አንዱን ላነሳ እጄን ስዘረጋ እንደ ፀጉር የቀጠነች እሾህ አውራ ጣቴ ውስጥ ገባች። ቤት ገብቼ መነጽሬን አድርጌ፣ በወረንጦ ስፈልጋት አመሸሁ። እንዲህ ያለችው እሾህ ትወጋለች እንጂ አትታይም፤ ከዚህ በፊት የወጋችኝም አንድ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው።

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ኮልፌ፣ ከገበያው ጀርባ፣ እትዬ በላይነሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ ጌጤ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። እትዬ በላይነሽ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ፤ ባለቤታቸው የአንድ ፈረንጅ አትክልተኛ ሆነው ሲሠሩ ኖረው፣ ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ቁልቋሎቹን ትቶላቸው ሄደ። «እኛ አገር በረዶ ተጭኖት ይከርማል፣ አይሞትም» ብሏቸው ነበር አሉ። እውነቱን ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ የጎረቤቱ ቲማቲምና ዱባ ተለብልቦ ጠቁሮ ያድራል፤ በወተት ጣሳና በቀለም ቆርቆሮ የተተከሉት የእትዬ በላይነሽ ቁልቋሎች ግን ተጨማደው፣ ወይን ጠጅ መስለው፣ እንዳኮረፈ ሰው አጎንብሰው ይከርሙና ሚያዝያ ላይ ቀና ብለው ቢጫ አበባ ያወጣሉ። ብርድ ምንም አያደርጋቸውም፤ የሚያበሰብሳቸው ዝናብ ነው። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ጣሳዎቹ በሙሉ ታዛ ሥር ይገባሉ። የእኛ ክፍል ጣሪያ ያፈስ ነበርና እናቴ አንድ ጊዜ «እትዬ፣ ቆርቆሮው ቢጠገንልን» ብላ ብትለምናቸው፣ «ሰው እኮ አይበሰብስም» ብለው ስቀው አለፉ።

ፍሬው ሲበስል ዘር መልቀም ትልቅ ሥራቸው ነበር። ማድቤቱ ደጃፍ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ቀዩን ፍሬ ወንፊት ላይ ይጨፈልቃሉ፤ ዝልግልጉን አጥበው፣ ዘሩን አሮጌ ጋዜጣ ላይ አስጥተው፣ በወረቀት እየቋጠሩ ለጠየቃቸው ሁሉ ይሰጣሉ። በዚህም ሰፈሩ ቸር ይላቸው ነበር። ከጠፍጣፋው ቅጠል አንዱን ገንጥሎ አሸዋ ላይ ቢያቆሙት በጥቂት ሳምንት ሥር ይይዛል፤ እሱን ግን ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ከእኛ በፊት ክፍላችን ውስጥ የነበረ ልብስ ሰፊ መሬት የወደቀ ቅጠል አንስቶ በሩ ሥር ተክሎ ኖሮ፣ የበቀለለት ዕለት በሐምሌ ዝናብ ዕቃውን ከነሲንጀሩ ደጅ አውጥተው ጣሉበት። ይህን ያልሰማ ተከራይ አልነበረም፤ እሳቸው ራሳቸው ያወሩት ነበር።

እናቴ ያንን አበባ ትወደው ነበር። የሰው ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ፣ የጨመቀችው ውሃ በክንዷ እየወረደ፣ ቆማ ታየዋለች። ለእሷ የዕለቱ ዕረፍት ያ ነበር። እትዬ በላይነሽ ይህን አይተው ኖሯል፣ የማኅበር እንግዶቻቸው በተሰበሰቡበት አንድ ቀን ጠሯትና «ጌጤ፣ አበባዬን ሰርቀሽ ስታዪ ያላየሁሽ መሰለሽ? እንኪ፣ የራስሽን አብቅዪ» ብለው የተቋጠረች ወረቀት ሰጧት። እናቴ ጎንበስ ብላ ተቀበለች፤ ሴቶቹም መረቋቸው። ከዚያ መመሪያው መጣ። ዘሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው፣ አሸዋና ጠጠር ቀላቅለሽ ቅበሪው፣ ውርጭ ሳይመታው አይነቃምና ማታ ማታ ደጅ አሳድሪው፣ ዝናብ እንዳይነካው። እናቴ ሁሉንም አደረገች። በየጠዋቱም እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን እያጣፉ ይወጡና «ጌጤ፣ ብቅ አለ?» ይላሉ።

«ገና ነው፣ እትዬ።»

«አይዞሽ፣ ትዕግሥት ይፈልጋል።»

እኔ ግን ዘሩ ሲታጠብ ማድቤት በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ከማንቆርቆሪያው የፈላ ውሃ ነው ወንፊቱ ላይ ያፈሰሱት፤ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፍኖት ነበር። ያን ጊዜ የአስተጣጠብ ወጉ መስሎኝ ዝም አልኩ። ዓመት ሞልቶ ምንም ሳይበቅል ሲቀር ገባኝና እየሮጥኩ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። እጇን ከሳፋው ውስጥ እንኳን አላወጣችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምንድን ነው የምታጠጪው?»

«ሲጠይቁኝ ደስ ይላቸዋል። ደስ እስካላቸው ድረስ አያስወጡንም። በይ ዝም በይ።»

ጠላኋት። እትዬ በላይነሽን ሳይሆን እናቴን ነው የጠላሁት፤ እውነቱን ለመናገር ለብዙ ቀን ፊቷን ማየት አስጠልቶኝ ነበር። በየማታው ያቺን ጣሳ ይዛ ብርድ ላይ ስትወጣ፣ በየጠዋቱ ስታጠጣ፣ የሰው መሳቂያ መሆን እንዴት አያማትም እያልኩ እናደድ ነበር።

የቁልቋል ዘር ቅርፊቱ ድንጋይ ነው። በኋላ ከአንድ አትክልተኛ እንደሰማሁት፣ ቶሎ እንዲበቅል ብለው ሆን ብለው የፈላ ውሃ የሚያፈሱበት ሰዎች አሉ። የእትዬ በላይነሽ ውሃ ሌሎቹን ቢገድል አንዷን ግን ከፍቷት ኖሯል። በሁለተኛው ዓመት፣ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጠዋት እናቴ ጣሳው ላይ አጎንብሳ ሳትንቀሳቀስ ቀረች። ከዚያ በእጇ ጠራችኝ። ሁለት ወፋፍራም ቅጠሎች፣ መሃላቸው ለዓይን የማይሞላ እሾህ፣ አሸዋውን ገፍተው ወጥተዋል። እናቴ ትስቅ ነበር። ድምፅ ሳታወጣ፣ በነጠላዋ አፏን ይዛ፣ እንደ እኩያዬ ትስቅ ነበር፤ እንዲያ ስትሆን ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። በጣቷ ጫፍ ዳበሰችው፤ እኔም እንድዳብሰው ፈቀደችልኝ።

የእትዬ በላይነሽ መቀርቀሪያ ሲንቋቋ ሰማን። እናቴ ነቀለችው። የምትጥልበት ቦታ ጠፋት፤ መሬቱ የተጠረገ ነው፣ ኪስ የላት። አፏ ውስጥ ከተተችው።

«ጌጤ፣ ብቅ አለ?»

እናቴ ዋጠችና «ገና ነው፣ እትዬ» አለች።

«አይዞሽ፣ ትዕግሥት ይፈልጋል» አሉ፤ ደስ ብሏቸው፣ ቀስ እያሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እናቴም ጣሳውን አነሳችና ባዶውን አሸዋ አጠጣች።

እዚያች ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ፣ ሥራም ያዝኩ። ማንም አላስወጣንም፤ እትዬ በላይነሽ ሲሞቱ እናቴ ከልቧ አለቀሰች። አሁን ግቢው ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፤ ለግቢው አላዝንም። የማዝነው ለሌላ ነገር ነው። ከዚያች ጠዋት ወዲህ እናቴ ይህ አማረኝ፣ ያ ደስ አለኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም። የመጀመሪያ ደሞዜን ስቀበል ምን ልግዛልሽ ብላት ምንም አለች፤ በዓል በመጣ ቁጥር ብጠይቃት ምንም። በመጨረሻም የራሴ ቤት፣ የራሴ አልጋ ላይ ተኝታ፣ ሐኪሙ የወደደችውን ስጧት ካለ በኋላ፣ እጇን ይዤ «እማዬ፣ ምን ላምጣልሽ? ምን ያምርሻል?» አልኳት።

መጀመሪያ ወደ በሩ አየች። ከዚያ «ምንም» አለችኝ።