የባልቴቷ ቁንጫዎች

ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት ባልቴት የመጫወቻ ካርድ መሸጫው ቤት መጥተው ከጎረምሶቹ ጋር ይጫወታሉ። እዚያ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚፋለምባቸውን፣ የአውሬና የነፍሳት ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች ራሱ መርጦ ይገዛል። ጎረምሶቹ በሚያብረቀርቀው ዘንዶ ሲሻሙ፣ እሳቸው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ከርካሹ ሳጥን ውስጥ ምስር እንደሚለቅም ሰው አይጥና ቁንጫ ይለቅማሉ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላም ከካርዶቻቸው አንዱን አውጥተው ሌላ ይከታሉ።

“ይቺ አይጥ ሰነፍ ናት፤ ትውጣ” አሉ ዛሬ፣ በምትኳ አንድ ቁንጫ እየጨመሩ።

ከፊታቸው የተቀመጠው ጎረምሳ ዘንዶውን በኩራት ዘረጋ።

“ውይ ሲያምር! እግዜር ያሳድግልህ” አሉና ቁንጫዎቻቸውን በአንድ ጊዜ ለቀቁበት። ዘንዶው አንዴ እንኳን እሳት ሳይተፋ ተበላ።

“እማማ፣ ይሄማ ግፍ ነው!”

“ምን ላድርግ ልጄ? ቁንጫም ቢያብር ዘንዶ ያስር።”

ይኼኔ ስልካቸው ጮኸ። ጎረምሶቹን በጣታቸው ዝም አሰኝተው፣ ድምፃቸውን እንደ በሽተኛ አደከሙት።

“አቤት የኔ ልጅ... አዎ፣ ሐኪም ቤት ነኝ። ኧረ አትምጪ፣ አትልፊ! ወረፋው ገና ነው፤ ሦስት ሰው ይቀረኛል።”

ስልኩን ዘጉና ተራ ወደሚጠብቁት ሦስት ጎረምሶች ዞሩ።

“በሉ፣ ቀጣዩ በሽተኛ ይግባ!”